የቀድሞ ፕሬዚዳንትን መውቀስ ፓርቲ ያፈርሳልን? ለአንድ የድሬዳዋ መምህር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክርክር ክበብ አስተባባሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ለዓመቱ መዝጊያ የመረጡት ርእስ "የቀድሞ ፕሬዚዳንቱን በአደባባይ የሚወቅስ ፓርቲ ራሱን ያፈርሳል" የሚል ነው። ምሳሌ ያደረጉት የደቡብ አፍሪካውን የነጻነት ትግል ፓርቲ፣ የማንዴላን ኤኤንሲ ነው። ደጋፊው ወገን "ዙማን ባይነኩት ኖሮ የ2024ቱ ሽንፈት አይደርስም ነበር" ይላል። ተቃዋሚው ወገን "ቀድመው ቢነኩት ኖሮ ነው የማይደርሰው" ይላል። እኔ ራሴ መወሰን አቅቶኛል። ባለሙያ ምን ይላል?»

ምላሽ፦

መምህር፣ ጥያቄዎን ካነበብኩ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ከአሥር ዓመት በላይ እዚሁ ድሬዳዋ የፖለቲካ ሳይንስ አስተምሬአለሁ፤ በዋናነት የማጠናውም በደቡባዊ አፍሪካ ከነጻነት ትግል ወጥተው ሥልጣን የያዙ ፓርቲዎችን ነው። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ብመልስ ይታገሡኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብይኔን አስቀድሜ ልንገርዎት። ተቃዋሚው ወገን ወደ እውነቱ ይቀርባል፤ ግን እሱም ገና አልደረሰበትም። እኔና እርስዎ ያደግነው «ሂስና ግለ ሂስ» የሚሉ ሁለት ቃላት ሳይነጣጠሉ በሚጠሩበት አገር ነው። በየግምገማው አዳራሽ ሲደጋገሙ ሰልችተውን ይሆናል፤ ለዚህ ጉዳይ ግን ከእነሱ የተሻለ ቃል አላገኘሁም። ኤኤንሲ በዙማ ላይ ሂስ አቀረበ። ግለ ሂሱ ግን ዘገየ፤ ሲመጣም በግማሽ ልብ መጣ። ፓርቲው የተሰነጠቀው በሁለቱ መካከል በተፈጠረው ክፍተት ነው ብዬ አምናለሁ።

ደጋፊው ወገን የያዘውን ማስረጃ ግን አቅልለው እንዳያዩበት። ከ2009 እስከ 2018 አገሪቱን በፕሬዚዳንትነት የመሩት ጄኮብ ዙማ ዲሴምበር 16 ቀን 2023 ለኤኤንሲ ድምፅ እንደማይሰጡና ኡምኮንቶ ዌ ሲዝዌ የተባለውን አዲስ ፓርቲ እንደሚደግፉ አስታወቁ። በሜይ 2024 በተደረገው ምርጫ ኤኤንሲ 40.18 በመቶ አገኘ፤ ከአምስት ዓመት በፊት 57.50 ነበረው። የዙማ ፓርቲ ደግሞ 14.58 በመቶ ወሰደ። የጎደለውና የተወሰደው ይቀራረባል። በዙማ የትውልድ ክልል በክዋዙሉ ናታል አዲሱ ፓርቲ ከ45 በመቶ በላይ አግኝቷል። ኤኤንሲ ከ1994 ጀምሮ ይዞት የቆየውን ብቸኛ አብላጫነት አጥቶ ከተቀናቃኞቹ ጋር መንግሥት ለመመሥረት ተገደደ። ይህን ቁጥር በቃሉ የያዘ ተማሪ በቀላሉ አይረታም።

ይሁንና ቁጥሩን ወደ ኋላ እንከተለው። በ2004 የኤኤንሲ ድምፅ 69.69 በመቶ ነበር። በ2009 ወደ 65.90፣ በ2014 ወደ 62.15 ወረደ። በኦገስት 2016 በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ደግሞ የአስተዳደር ዋና ከተማዋን ፕሪቶሪያን ያቀፈችው ጽዋኔ፣ ጆሃንስበርግና ኔልሰን ማንዴላ ቤይ ከእጁ ወጡ። በእነዚያ ዓመታት ፓርቲው እንደ ድርጅት ዙማን በይፋ አልነካም፤ እንዲያውም ሲከላከልላቸው ነው የኖረው። መራጩ መሄድ የጀመረው ወቀሳው ከመጀመሩ በፊት ነው ማለት ነው። በኋላ የተባባሰው የመብራት መቆራረጥና ሥራ አጥነት ሲጨመርበት ቁልቁለቱ ይበልጥ ፈጠነ። የ2024ቱን ውጤት በአንድ ሰው መኮረፍ ብቻ ማስረዳት እነዚህን ሁሉ ዓመታት መዝለል ይሆናል።

አሁን ወደ ዝምታው ዘመን ልውሰድዎት። እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ተማሪዎችዎ ከሁሉ በላይ ሊያውቁት የሚገባው ይህ ይመስለኛልና።

ዙማ በትውልድ ቀያቸው በንካንድላ ሰፊ የመኖሪያ ግቢ አላቸው። ለጸጥታ ተብሎ በመንግሥት ገንዘብ እድሳት ተደረገለት። በማርች 2014 የሕዝብ ጥቅም አስከባሪዋ ቱሊ ማዶንሴላ ሪፖርታቸውን ሲያወጡ ወጪው ወደ 246 ሚሊዮን ራንድ ደርሶ ተገኘ። ከተሠሩት ነገሮች መካከል የከብት በረት፣ የዶሮ ቤት፣ የእንግዳ መቀበያና የመዋኛ ገንዳ ይገኙበታል። ማዶንሴላ እነዚህ ከጸጥታ ጋር አይገናኙም፤ ፕሬዚዳንቱ የድርሻቸውን ይክፈሉ አሉ። ፓርቲው ምን አደረገ? በሜይ 2015 የፖሊስ ሚኒስትሩ ጋዜጠኞችን ሰብስበው የመዋኛ ገንዳው የእሳት ማጥፊያ ውኃ ማጠራቀሚያ መሆኑን አስረዱ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከገንዳው በቱቦ ውኃ እየሳቡ ሲረጩ የሚያሳይ ቪዲዮም አቀረቡ። በዚያው ዓመት ኤኤንሲ አብላጫ የያዘበት ምክር ቤት ፕሬዚዳንቱን ከክፍያ ነጻ የሚያደርገውን ሪፖርት አጸደቀ።

ማርች 31 ቀን 2016 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ፈረደ። ፍርዱ ዙማ ሕገ መንግሥቱን አላከበሩም የሚል ብቻ አልነበረም፤ ምክር ቤቱም ግዴታውን አልተወጣም አለ። ይህን ሁለተኛውን ብይን ተማሪዎችዎ ከሥሩ ያስምሩበት። ፍርድ ቤቱ ጣቱን በሰውዬው ላይም፣ እጃቸውን አውጥተው በሸፈኑለት ላይም ነው የቀሰረው። ከአምስት ቀን በኋላ ተቃዋሚዎች ፕሬዚዳንቱን ከሥልጣን ለማንሳት ያቀረቡት ሐሳብ 233 ለ143 ወደቀ። ዙማ በመጨረሻ 7.8 ሚሊዮን ራንድ ከፈሉ።

በኦገስት 2017 ሌላ የመተማመኛ ድምፅ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ድምፁ ምሥጢራዊ ነበር። 177 «ይውረዱ»፣ 198 «ይቆዩ»፣ 9 ድምፀ ተዓቅቦ። ምክር ቤቱ 400 መቀመጫ አለው፤ ኤኤንሲ 249 ነበረው። ተቃዋሚዎቹ አንድም ሳይቀሩ ድምፅ ቢሰጡ እንኳ 151 ናቸው። ስለዚህ ቢያንስ 26 የኤኤንሲ ሰዎች በምሥጢር መሪያቸውን ተቃውመዋል። በአደባባይ ሲሆን ዝም፣ በመጋረጃ ጀርባ ሲሆን «ይውረዱ»። አንድነት ሲባል የነበረው ይህ ነው፤ ያለው በእጅ ማውጣት ላይ ብቻ ነበር።

ከአራት ወር በኋላ በናዝሬክ በተካሄደው ጉባኤ ሲሪል ራማፎሳ 2,440 ለ2,261 አሸንፈው የፓርቲው ፕሬዚዳንት ሆኑ። የ179 ድምፅ ልዩነት ነው። ከስድስቱ ከፍተኛ የአመራር ቦታዎች ገሚሱ በሌላው ወገን ተያዘ፤ ዋና ጸሐፊው ኤስ ማጋሹሌ የዙማ ሰው ነበሩ። እንግዲህ አዲሱ መሪ ስለ ቀድሞው ሲናገር እኩሌታው ጠረጴዛ ፊቱን የሚያዞርበት ሁኔታ ነበር። ዙማ በፌብሩዋሪ 2018 ከአገሪቱ ፕሬዚዳንትነት ለቀቁ፤ ራማፎሳ ተተኩ። በጃንዋሪ 2019 ራማፎሳ ዳቮስ ላይ ከውጭ ባለሀብቶች ፊት ቆመው የዙማን ዘመን «የጠፉ ዘጠኝ ዓመታት» ብለው ገለጹት።

ዙማም ደጋፊዎቻቸውም ተቆጡ። ቁጣቸው ውስጥ ግልብ የሆነ ብዙ ነገር ቢኖርም አንድ ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፦ ከሜይ 2014 ጀምሮ የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ማን ነበር? ራማፎሳ ራሳቸው። ከዘጠኙ ዓመታት ወደ አራት የሚጠጋውን በአንድ ካቢኔ አሳልፈዋል። «ጠፉ» የሚለው ግሥ ባለቤት የለውም፤ ዓመታቱ በራሳቸው ጊዜ የጠፉ ያስመስላቸዋል። ማን እንዳጠፋቸው ሲጠየቅ ጣት ወደ አንድ ሰው ብቻ ይቀሰራል፤ ያን ሁሉ ዓመት እጅ ያወጣው ሁሉ በዚህ መንገድ ነጻ ይወጣል። ዙማን የሚወዱት የክዋዙሉ ናታል አባላት የሰሙት ይህን ነው። «ሁላችን በበላንበት ማዕድ የሚታሰረው የእኛ ሰው ብቻ ነው» ብለው ተረጎሙት። ትርጓሜያቸው ሙሉ በሙሉ ልክ ነው አልልም። መነሻ አልነበረውም ግን ማለት አልችልም።

መምህር፣ እዚህ ላይ ከቤቴ አንድ ነገር ላምጣ። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ በከዚራ የአንድ ዕድር ጸሐፊ ሆኖም ብዙ ዓመት አገልግሏል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ የዕድሩ የቀድሞ ሊቀ መንበር አሁን በሕይወት የሉም። ደግ ሰው ነበሩ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ይህ እንኳን በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ያን ሁሉ ሰው በወሰደ ጊዜ የዕድሩን ድስትና ድንኳን ሳያስፈቅዱ አውጥተው አባል ያልሆነውን ሁሉ ያስቀበሩና ያስተዛዘኑ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከኃላፊነት ሲወርዱ አዲሱ ኮሚቴ መዝገብ አገላበጠ፤ ያለ ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ለጥቂት ሰዎች የተሰጠ ብድርም አገኘ። የድሬ ሰው አንቱታ አያበዛም፣ የሆዱን ፊት ለፊት ይናገራል ይባላል። ስለዚያ ብድር ግን ሰው ለዓመታት ሲያንሾካሹክ ነበር እንጂ ማንም በጉባኤ አላነሳውም።

አዲሱ ሊቀ መንበር በአንድ እሑድ ጠዋት ሒሳቡን በጉባኤ ፊት አነበቡ፤ የቀድሞውን ስም እየደጋገሙ። ጩኸት ሆነ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ወጥተው በቀጣዩ መንገድ ሌላ ዕድር አቋቋሙ። ድስትና ወንበር ተቆጥሮ ተከፈለ። እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኜ ለእረፍት መጥቼ ነበር፤ ከኒሙ ዛፍ ሥር ወንበር ሲቆጠር ያየሁት እስከ ዛሬ ያመኛል።

በሚቀጥለው ወር ስብሰባ አባቴ በጋዜጣ የተጠቀለለ የደረሰኝ ጥራዝ ይዞ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ተራው ሲደርስ ተነሥቶ ጥራዙን ፈታ። የብድሩን ደረሰኝ የካርቦን ቅጂ ገልጦ ለመጀመሪያው ረድፍ ሰዎች አሳየ። ከታች ሦስት ፊርማ አለ፦ የሊቀ መንበሩ፣ የገንዘብ ያዡና የጸሐፊው። አባቴ ጣቱን በሦስተኛው ላይ አድርጎ፣ «ይህ የእኔ ነው። አንብቤ ነው የፈረምኩት። ሲፈርሙ ያየ ሁሉ ደግሞ እዚህ ተቀምጧል» አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጸጥታ በቃል መግለጽ ይቸግረኛል። ገንዘብ ያዡ ተነሡ። ሌሎች ሁለት ሰዎችም ተነሡ። የቀድሞው ሊቀ መንበር ከዚያ በፊት ከቤት አልወጣም ብለው ነበር፤ በተከታዩ ወር መጥተው ተበዳሪዎቹ በየወሩ እንዲመልሱ አብረው ተስማሙ። ሁለቱ ዕድሮች ተመልሰው አንድ አልሆኑም። ጠቡ ግን ቆመ፤ ዛሬም ድስት ይዋዋሳሉ።

የዳቮሱን ንግግር ባነበብኩ ቁጥር ያ ሦስተኛ ፊርማ ይታየኛል።

ለራማፎሳ ፍትሕ ላድርግ። በኦገስት 2020 ለፓርቲው አባላት በጻፉት ደብዳቤ ሙስናን በተመለከተ ኤኤንሲ ብቻውን ተከሳሽ ባይሆንም «ተከሳሽ ቁጥር አንድ» እሱ ነው ብለዋል። ይህ የአባቴ ጣት ነው፤ ድፍረት ይጠይቃል። ዙማ በቁጣ የተሞላ ደብዳቤ መለሱላቸው። በኤፕሪል 2021 ራማፎሳ መንግሥት በግለሰቦች እጅ ስለመግባቱ በሚያጣራው የዳኛ ዞንዶ ኮሚሽን ፊት ቀርበው ፓርቲው ብልሹ አሠራሩን ለመከላከል ከዚህ የበለጠ ማድረግ ይችል እንደነበርና ማድረግም እንደነበረበት አመኑ። በኦገስት ተመልሰው ሲቀርቡ በምክትልነታቸው ዘመን አምስት ምርጫ ነበረኝ አሉ፦ ሥልጣን መልቀቅ፣ በይፋ መናገር፣ መተባበር፣ ተቀምጦ ዝም ማለት፣ ወይም ተቀምጦ ከውስጥ መቋቋም። እኔ የመጨረሻውን መረጥኩ አሉ። መልሱ ቅን ሊሆን ይችላል፤ ተማሪዎችዎ ይመዝኑት። እኔ የምለው ይህ ቃል ከዳቮስ በፊት፣ በፓርቲው ጉባኤ፣ በመጀመሪያው ዓመት ቢነገር ኖሮ ሌላ ነገር ይሆን ነበር። ጊዜው ሲያልፍ ዙማ ከኮሚሽኑ ጋር ተጣልተው አንቀርብም አሉ፤ ፍርድ ቤት ደፍረው የ15 ወር እስራት ተፈረደባቸው። በጁላይ 2021 ሲታሰሩ በተነሣው ብጥብጥ ከ350 በላይ ሰው ሞተ። እዚያ ደረጃ ከተደረሰ በኋላ የሚቀርብ ግለ ሂስ የሚሰማው ጆሮ አያገኝም።

«እንግዲያው ዝምታው ይሻል ነበር» ለሚለው ተማሪ የምሰጠው መልስ ከዙማ በፊት ያለው ታሪክ ነው። ታቦ ምቤኪ በፕሬዚዳንትነት ዘመናቸው ኤችአይቪ ኤድስን የማምጣቱን ነገር ተጠራጠሩ፤ መንግሥታቸውም መድኃኒቱን ለማዳረስ ዘገየ። በ2002 መጀመሪያ ኔልሰን ማንዴላ ጉዳዩን በፓርቲው ብሔራዊ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ስብሰባ አነሡ። በቤታቸው፣ በዝግ በር፣ በጓዶቻቸው መካከል ነው ያነሡት። የተሰጣቸው ምላሽ ግን ከዲሲፕሊን ወጥተዋል የሚል ውግዘት ነበር። 27 ዓመት የታሰሩለት ድርጅት ነው ይህን ያደረገው። አንድነት ተጠበቀ። በኋላ በ2008 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ባወጡት ስሌት በመድኃኒቱ መዘግየት ምክንያት ከ330,000 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ማንዴላ በጃንዋሪ 2005 ልጃቸው ማክጋቶ ሲሞት የገደለው ኤድስ መሆኑን በራሳቸው አንደበት ለሕዝብ ተናገሩ። ይህን ቁጥር ለክፍልዎ ሲነግሩ ቶሎ አይለፉት። የፓርቲ አንድነት የተጠበቀበት ዋጋ ነው።

ያ አንድነት ራሱስ ቆየ? በዲሴምበር 2007 በፖሎክዋኔ ጉባኤ ዙማ 2,329 ለ1,505 ምቤኪን አሸነፉ፤ በሴፕቴምበር 2008 ፓርቲው ምቤኪን ከአገሪቱ ፕሬዚዳንትነት አወረደ። ያወረዳቸው በኤድስ ጉዳይ አልነበረም፤ ዙማን በፍርድ ቤት ለማጥቃት እጃቸውን አስገብተዋል በሚል ጥርጣሬ ነው። ለዚህ መነሻ የሆነው የዳኛ አስተያየት ደግሞ በጃንዋሪ 2009 በይግባኝ ተሻረ። ሰው ሊጠየቅበት በሚገባው ነገር ሳይጠየቅ፣ ባልተረጋገጠ ነገር ሲወርድ ተመልከቱ። የምቤኪ ወገኖች ወጥተው ኮፕ የተባለ ፓርቲ መሠረቱ። የመመሥረቻ ቀናቸው ዲሴምበር 16 ቀን 2008 ነው፤ ዙማ ከ15 ዓመት በኋላ የመረጡት ያው ቀን። በ1961 የኤኤንሲ የትጥቅ ክንፍ የተቋቋመበት ቀን ስለሆነ የወጣ ሁሉ «እውነተኛው እኔ ነኝ» ለማለት ይመርጠዋል። ኮፕ በ2009 7.42 በመቶ አግኝቶ መሪዎቹ እርስ በርሳቸው ተካሰሱ፤ በ2014 አንድ በመቶ እንኳ አልሞላም። ምቤኪ ራሳቸው ግን ከኤኤንሲ አልወጡም። ኮፕንና የዙማን ፓርቲ የለየው አንድ ነገር ይህ ነው፤ አንደኛው የቀድሞ ፕሬዚዳንቱን ስም ብቻ ይዞ ወጣ፣ ሁለተኛው ሰውየውን ራሱን።

ሌላ አገር ካስፈለገ ቻይናን ያንሡ። ማዕረጉ ሊቀ መንበር ቢባልም ጥያቄው አንድ ነው። ማኦ በ1976 ከሞቱ በኋላ ተተኪያቸው ሁዋ ጉዎፌንግ ማኦ የወሰኑትን ሁሉ እንጠብቅ፣ ያዘዙትን ሁሉ እንከተል የሚል መስመር ያዙ። ዴንግ ሺያዎፒንግ ይህን ገፉት፤ ማኦን ግን ጨርሰው አልጣሉም። ግምገማው ከአንድ ዓመት በላይ ተረቀቀ፤ በ1980 ወደ 4,000 የሚሆኑ ካድሬዎች ተወያዩበት፤ በጁን 1981 ማዕከላዊ ኮሚቴው አጸደቀው። የባህል አብዮቱን ከመንግሥቱ ምሥረታ ወዲህ የደረሰ ከሁሉ የከፋ ጉዳት ብሎ ከማኦ ኃላፊነት ጋር በግልጽ አያያዘው፤ በጥቅሉ ግን በጎ ሥራቸው ከስሕተታቸው ይበልጣል አለ። እኔን የሚማርከኝ ዴንግ በረቂቁ ወቅት የተናገሩት ነው። በ«ታላቁ ግስጋሴ» ጊዜ ማኦ ስሜታዊ ሆነው ነበር፤ እኛስ አብረናቸው አልነበርንም ወይ? እኔም አልተቃወምኩም አሉ። ፓርቲው አልተሰነጠቀም። ነገር ግን ይህን ያለ ዋጋ የተገኘ አድርገው እንዳያስተምሩት። ሰነዱ የፓርቲውን ሰላም ሲያስጠብቅ የሕዝቡን አፍ ዘጋ፤ በረሃብና በዘመቻ ቤተሰቡን ያጣው ሰው ከዚያ ወዲያ በነጻነት የሚጠይቅበት ቦታ አላገኘም። ለፓርቲ የበጀ ግለ ሂስ ለአገር ላይበቃ ይችላል።

አንጎላን በአጭሩ ላንሣ። ጆዋዎ ሎሬንሶ በ2017 ሥልጣን በያዙ በሁለት ወር ገደማ ውስጥ የቀድሞውን ፕሬዚዳንት የዶስ ሳንቶስን ልጅ ኢሳቤልን ከነዳጅ ኩባንያው ኃላፊነት አነሡ፤ ወንድ ልጃቸው ደግሞ በ2020 የአምስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ክሱ መሠረት የለውም አልልም። ሎሬንሶ ራሳቸው ግን በዶስ ሳንቶስ ዘመን የመከላከያ ሚኒስትር ነበሩ፤ ያ ዘመን በፓርቲ ደረጃ እንደ ራሳችን ዘመን ተገምግሞ አልተዘጋም። አባትየው በጁላይ 2022 ባርሴሎና ሲሞቱ ቤተሰቡና መንግሥት በአስከሬኑ ተካሰሱ። በቀጣዩ ወር ምርጫ ገዥው ፓርቲ 51.17 በመቶ ብቻ አገኘ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ተማሪዎች «ውርስ» ወይም በተለመደው አነጋገር «ሌጋሲ» የሚለውን ቃል እንደ አንድ ጥቅል እንዳያዩት ይርዷቸው። በእኛም አገር ከነሐሴ 2004 ዓ.ም. በኋላ «ሌጋሲውን ማስቀጠል» የሚለው ሐረግ ከየመድረኩ ሲሰማ ብዙ ጊዜ የትኛውን ሥራ ማለት እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። ዙማን ያየን እንደሆነ ምቤኪ የዘጉትን በር የከፈቱት እሳቸው ናቸው፤ በዲሴምበር 2009 የኤችአይቪ መድኃኒት ሥርጭት እንዲስፋፋ አወጁ፤ ፕሮግራሙ በዓለም ትልቁ ለመሆን በቃ፤ የአገሪቱ አማካይ ዕድሜም አደገ። በዲሴምበር 2017 ለድሃ ተማሪዎች ነጻ የከፍተኛ ትምህርት አስታውቀዋል። «ዘጠኙ ዓመታት ጠፉ» የሚለው ቃል መድኃኒቱን አግኝታ ልጇን ያሳደገች እናት ጆሮ ሲገባ ሐሰት ይሆንባታል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ንካንድላ ገንዳ ብትነግራት አታምንህም። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ብላ ታልፈዋለች። ሂስ አቅራቢው በጎውንም ቆጥሮ ካልተናገረ የእውነቱን ክፍል ራሱ ያረክሰዋል።

እንግዲህ ለዳኝነትዎ የምመክረው ይህን ነው። ደጋፊውን ወገን፣ በኤፕሪል 2016 ከ233ቱ አንዱ ብትሆን ኖሮ እጅህን ታወጣ ነበር ወይ ብለው ይጠይቁት፤ አወጣ ነበር ካለ ለአንድነቱ የሚከፍለው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ይናገር። ተቃዋሚውን ወገን ደግሞ፣ ወቀሳህን ስትጀምር የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ባለቤት ማን ነው ብለው ይጠይቁት። «እሱ» ብሎ ከጀመረ ነጥብ ይቀንሱበት። «እኛ» ብሎ ከጀመረ ደግሞ ዝም ብለው አይለፉት፤ «እናንተ ማን ማን? በየትኛው ቀን? በየትኛው ድምፅ?» ይበሉት። በየአዳራሹ የሰማነው ባዶ «እኛ» ስም የለውም፤ የአባቴ ግን ሰማያዊ ቀለምና ቀን ነበረው።

የ2016ንና የ2017ን የድምፅ ቁጥሮች በትልቅ ወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ቢለጥፉላቸው ጥሩ ነው፤ ልጆች በቃል ከሚነገራቸው ይልቅ ያዩትን ይይዛሉ። መዝጊያው ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል ከሆነ፣ እኔም መጥቼ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ባዳምጣቸው ደስ ይለኛል።